ግራፊክስ ካርድ ለመካነ ኢየሱስ፦ ዋጋው ዝቅ ያለ ሁሉ ርካሽ አይደለም

አዲስ አበባ ተቀምጦ አገር ቤት ወንድም፣ እህት ወይም የእህት ልጅ ያለው ደመወዝተኛ ሁሉ የሚያውቀው አደራ አለ። ድሮ አደራው መጽሐፍና መድኃኒት ነበር፤ ቀጥሎ ሞባይል ሆነ፤ አሁን ደግሞ «ጥሩ ግራፊክስ ካርድ በተመጣጣኝ ዋጋ ፈልግልኝ» የሚል መልእክት በቴሌግራም ይመጣል። ላኪው በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴዋ መካነ ኢየሱስ የሚያስተምር ወጣት መምህር ነው እንበል። ከመሥሪያ ቤት የወጣ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝቷል። ማታ ማታ ኳስ ሊጫወትበት፣ ቅዳሜና እሑድ ከጓደኞቹ ጋር ሊዝናናበት ይፈልጋል። ገንዘቡን ከደመወዙ ለወራት ቆጥቦ በባንክ ልኳል። ገዢው እርስዎ ነዎት፤ ተጠቃሚው ግን የሙሉ ቀን መንገድ ርቆ ነው ያለው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2211 ወኪል የሆነ ሰው የተሰጠውን ሥራ እንደ መልካም የቤተሰብ አባት ተጠንቅቆ እንዲሠራ ያዛል። ስለ ግራፊክስ ካርድ ምንም የማያውቅ ሰው ታዲያ እንዴት ይጠንቀቅ? ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። ጠቅላላ ሐሳቡም አጭር ነው፦ ርካሽ ካርድ ማለት መለያው ላይ ዝቅተኛ ዋጋ የተጻፈበት ሳይሆን፣ ያለው ኮምፒዩተር የሚቀበለው፣ ያለው ፓወር ሰፕላይ የሚችለውና ጉድለት ቢገኝበት ለሻጩ ሊመለስ የሚችል ካርድ ነው።

ከጨዋታው ይጀመር

ግራፊክስ ካርድ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል የሚሠራ፣ የራሱ ፕሮሰሰርና የራሱ ሜሞሪ ያለው ክፍል ነው። ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ የሚነግረን ቁጥር ፍሬም ይባላል። በሰከንድ 60 ፍሬም ከተገኘ ለአብዛኛው ተጫዋች ጨዋታው ለስላሳ ነው፤ ከ30 በታች ሲወርድ መንቀርፈፉ በዓይን ይታያል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ካርድ ጥሩ ነው?» ሳይሆን «የምትጫወተው ምንድን ነው?» የሚል መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒዩተር የወጣው ጂቲኤ 5 የሚመክረው ካርድ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ጂቲኤክስ 660 ነበር። ፊፋ 23 ደግሞ ዝቅተኛ መስፈርቱን ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ የሚመከረውን ጂቲኤክስ 1660 አድርጎ አወጣ። ሳይበርፐንክ 2077 እ.ኤ.አ. በ2023 መስፈርቱን ሲያሻሽል ዝቅተኛው 6 ጊጋባይት ያለው ጂቲኤክስ 1060 ሆነ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጨዋታ ግን ሬይ ትሬሲንግ የሚባለውን የብርሃን አሠራር በካርዱ ላይ የግድ ስለሚፈልግ፣ ዝቅተኛ መስፈርቱ አርቲኤክስ 2060 ሱፐር ነው። የጂቲኤክስ ቤተሰብ ካርድ የገዛ ሰው ይህን ጨዋታ መጫወት ስለማይችል በኋላ «ካርዱ ተበላሽቷል» ብሎ ሻጩን ቢከስ ፍትሕ አያገኝም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስክሪኑ ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው ስክሪን ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ነጥቦች ሲኖሩት፣ ፎር ኬ የሚባለው አራት እጥፍ አለው። መምህራችን ፉል ኤችዲ ስክሪን ካለው፣ ለፎር ኬ የተሠራ ካርድ መግዛት በባጃጅ ለሚሄድበት መንገድ የጭነት መኪና እንደ መግዛት ነው።

ቀጥሎ ሳጥኑ

በአገራችን ገበያ በብዛት ከሚገኙት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች መካከል በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ያገለገሉት የዴል ኦፕቲፕሌክስና የኤችፒ ኤሊትዴስክ ሞዴሎች ይገኙበታል። ለቢሮ ሥራ ጠንካሮች ናቸው፤ ለጨዋታ ግን ሦስት ማነቆ አለባቸው።

የመጀመሪያው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ለምሳሌ የዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ትንሹ ሳጥን 240 ዋት፣ ተለቅ ያለው 275 ዋት ብቻ ይሰጣል። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርዱ ቀዳዳ በራሱ እስከ 75 ዋት ያቀብላል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ባለ 6 ወይም ባለ 8 እግር ገመድ ያስፈልገዋል፤ ባለ 6 እግሩ 75 ዋት፣ ባለ 8 እግሩ 150 ዋት ይጨምራል። በእነዚህ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ይህ ገመድ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ፓወር ሰፕላዩን ብቻ ልቀይር ቢባልም የቅርጹና የሶኬቱ ነገር ከተለመደው የተለየ በመሆኑ ማንኛውም ዓይነት አይገባለትም።

ሁለተኛው ማነቆ ቁመት ነው። ቀጭኑ ሳጥን «ሎው ፕሮፋይል» የሚባለውን አጭር ካርድ እንጂ መደበኛውን አያስገባም። ሦስተኛው ፕሮሰሰሩ ነው። የአሥር ዓመት ፕሮሰሰር ከአዲስ ኃይለኛ ካርድ ጋር ሲጣመር ካርዱ ሥራ ፈትቶ ፕሮሰሰሩን ይጠብቃል።

እንግዲህ የእስቴው መምህር ካርድ ከመመረጡ በፊት አራት ፎቶ ቢልክ መልካም ነው፦ የኮምፒዩተሩ ሞዴል የተጻፈበትን፣ ሳጥኑ ተከፍቶ ውስጡን፣ በፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍና የስክሪኑን የጀርባ ሶኬቶች። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል፤ ይህን ዓይነት ካርድ ላፕቶፕ ውስጥ መትከል አይቻልም።

ስም ያታልላል

በዚህ ገበያ አንድ ስም ሁለት ዕቃ ሊሆን ይችላል። አርቲኤክስ 3050 እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ሲወጣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ነበረውና 130 ዋት ይፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በዚያው ስም የወጣው ባለ 6 ጊጋባይቱ ግን አቅሙም ዝቅ ያለ፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታውም 70 ዋት ብቻ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ በአንዱ ዋጋ ሌላውን መግዛት ግን ኪሳራ ነው። ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 እና ባለ 6 ጊጋባይት ተብሎ ሲሸጥ ልዩነቱ የሜሞሪ ብቻ ይመስላል፤ ባለ 3ቱ የማስሊያ ክፍሎቹም የተቀነሱ ናቸው። ከቻይና የሚመጣው «አርኤክስ 580 2048 ኤስፒ» የሚባለው ደግሞ ዋናው አርኤክስ 580 ካሉት 2304 የማስሊያ ክፍሎች የጎደለ፣ በአቅሙ ከታናሹ ከአርኤክስ 570 ጋር የሚመደብ ነው።

ከዚህ የከፋው ሐሰተኛው ካርድ ነው። የጥንት ቺፕ የያዘ ካርድ ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ተቀይሮ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ነኝ እንዲል ይደረጋል። ዊንዶውስም አምኖ ያንኑ ስም ያሳያል። ይህን የሚያጋልጥ ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ብዙዎቹን ሐሰተኞች ለይቶ ከስማቸው ፊት ሐሰተኛ መሆናቸውን ይጽፋል። በፍላሽ ተይዞ ወደ ሱቅ መኬድ ያለበት የመጀመሪያው ፕሮግራም ይህ ነው።

ምን ይገዛ?

መካነ ኢየሱስ ያለው ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላዩ ያልተቀየረ የቢሮ ማሽን ከሆነ፣ ምርጫው ከ75 ዋት በማይበልጡ፣ ተጨማሪ ገመድ በማይፈልጉ ካርዶች የተወሰነ ነው። ከእነዚህ ዛሬ ተመራጩ ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 ነው። ቀጥሎ ባለ 4 ጊጋባይቱ ጂቲኤክስ 1650 ይመጣል፤ ሆኖም አንዳንድ የ1650 ምርቶች ባለ 6 እግር ገመድ ስለሚፈልጉ ካርዱን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ዋጋው በእጅጉ ዝቅ ካለ ብቻ የሚታሰብ ነው፤ ኤንቪዲያ ለዚህ ትውልድ አዳዲስ ጨዋታዎችን የሚደግፉ ድራይቨሮች ማውጣቱን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ የሚወጣው የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው።

ሳጥኑ መደበኛ፣ ፓወር ሰፕላዩም ከ450 እስከ 550 ዋት የሆነ የታመነ ሥሪት ከሆነ ምርጫው ይሰፋል። ለፉል ኤችዲ የኤኤምዲው አርኤክስ 6600 ከ8 ጊጋባይት ሜሞሪው ጋር 132 ዋት ብቻ ስለሚፈልግ፣ ያገለገለ ሲገኝ ከፍተኛ ዋጋ ለገንዘብ የሚሰጥ ካርድ ነው። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይቱ 170 ዋት ይፈልጋል፤ ሜሞሪው ሰፊ በመሆኑ ቪዲዮ ለሚያቀናብርም ይጠቅማል። አርቲኤክስ 4060 በ115 ዋት ከሁለቱም ይፈጥናል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

አዲስ ካርድ ለሚገዛ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የወጣው አርኤክስ 9060 ኤክስቲ ባለ 16 ጊጋባይት የመነሻ ዋጋው 349 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የወጣው የኢንቴል አርክ ቢ580 ባለ 12 ጊጋባይት 249 ዶላር ነበር። የኢንቴሉ ካርድ ግን ሪሳይዘብል ባር የሚባል አሠራር በማዘርቦርዱ ላይ ከሌለ አቅሙ በጉልህ ይወርዳልና ለአሮጌ ኮምፒዩተር አይመከርም። በተመሳሳይ ምክንያት አርኤክስ 6500 ኤክስቲም ለአሮጌ ማዘርቦርድ አይሆንም፤ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር ጠባብ በመሆኑ በቀድሞው ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ ይጎዳል።

ገና ኮምፒዩተር ያልገዛ ሰው ደግሞ ጭራሽ ካርድ ላያስፈልገው ይችላል። ራይዘን 5 5600ጂ እና ራይዘን 5 8600ጂ የሚባሉት ፕሮሰሰሮች በውስጣቸው የያዙት ግራፊክስ ጂቲኤ 5ን የመሳሰሉ ጨዋታዎችን ያለ ተጨማሪ ካርድ ያስኬዳል። ካርድ በኋላ ገንዘብ ሲገኝ ይጨመራል።

ሂሳቡ እንዴት ይሠራ?

ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ትናንት የተባለ ዋጋ ለዛሬ አይሠራም። ስለዚህ እዚህ የብር ዋጋ ከመዘርዘር የስሌቱን መንገድ ማሳየት ይሻላል። ጠቅላላ ወጪውን በሚገኘው የፍሬም ብዛት ማካፈል ነው።

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የቀረቡ መሆናቸው ይታወቅና፣ አንደኛው ካርድ 20 ሺህ ብር ሆኖ በሚፈለገው ጨዋታ 50 ፍሬም ይሰጣል እንበል። ለአንድ ፍሬም 400 ብር ተከፈለ ማለት ነው። ሁለተኛው 21 ሺህ ብር ሆኖ 70 ፍሬም ይሰጣል፤ 300 ብር ለፍሬም። ሁለተኛው ያሸነፈ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ካርድ የ10 ሺህ ብር አዲስ ፓወር ሰፕላይ የሚያስገዛ ከሆነ ወጪው 31 ሺህ ይደርሳል፤ ለአንድ ፍሬምም ወደ 443 ብር ይጠጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ለእስቴው መምህር በዚህ ሂሳብ ላይ ሌላም ይጨመራል፦ የማጓጓዣው፣ ካልሠራም የመመለሻው ወጪና የሚባክነው ሳምንት።

ያገለገለ ሲገዛ

ገበያው «ስላሽ» የሚለውን ያገለገለ ካርድ መግዛት ነውር የለበትም፤ ለብዙ ደመወዝተኛም ብቸኛው መንገድ ነው። ሁልጊዜ የሚነሳው ሥጋት «ማይኒንግ የሠራ ካርድ» ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። በአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል እየገዙ የሠሩት የቢትኮይን ኩባንያዎች የሚጠቀሙት ለዚያ ብቻ የተሠራ ማሽን እንጂ ግራፊክስ ካርድ አይደለም። በግራፊክስ ካርድ ይመረት የነበረው ዋነኛው ኢቴሪየም ሲሆን፣ እሱም መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. አሠራሩን ቀይሮ ካርድ መጠቀም አቆመ። ያኔ በዓለም ዙሪያ ሥራ የፈቱ ካርዶች ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ጎረፉ። እንዲህ ያለ ካርድ የግድ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚደክሙት ማራገቢያውና በቺፑ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ናቸው። ስለዚህ ወሳኙ ፈተና ነው።

ፈተናው ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት፣ በሻጩ ማሽን ላይ ይደረግ። በጂፒዩ-ዚ ስሙ፣ የሜሞሪው መጠንና የማስሊያ ክፍሎቹ ብዛት ይታይ። ፈርማርክ በሚባለው ፕሮግራም ለ15 ደቂቃ ያህል በሙሉ አቅሙ ይሥራ። በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ላይ እንግዳ ነጥብና መስመር ከታየ፣ ማሽኑ ከጠፋ፣ ማራገቢያው ከተንጫጫ ወይም ሙቀቱ 90 ዲግሪ እየተጠጋ ከሄደ ይተው። እያንዳንዱ የስክሪን ሶኬት በየተራ ይሞከር። የተፈቱ የሚመስሉ ብሎኖች፣ የተላጠ የሴሪያል ቁጥር፣ የብየዳ ምልክት ካለ ካርዱ ተጠግኖ ይሆናልና ይጠየቅ። «እዚህ መሞከሪያ የለንም» የሚል ሻጭ ካለ መልሱ ቀላል ነው፦ መሞከሪያ ያለው ሌላ ሱቅ አለ።

ሕጉ ምን ይላል?

በብዙ ደረሰኞች ግርጌ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ዐረፍተ ነገር ታትሞ እናያለን። ገዢውም እንደ አዋጅ ተቀብሎት ይሄዳል። ደረሰኝ ላይ የታተመ ዐረፍተ ነገር ግን ሕግ አይሽርም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን የማረጋገጥ ዋስትና ጥሎበታል። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከሸሸገ፣ ከኃላፊነት ነጻ ለመሆን ያስገባው ቃል አይጠቅመውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን የመጠየቅ መብት ሰጠው። የተሻለ ዋስትና በውል ካለ እሱ ይጸናል።

መብቱ ግን ግዴታም አለበት። ቁጥር 2291 ገዢው እንደተመቸው ወዲያው ዕቃውን እንዲመረምር፣ ቁጥር 2292 ደግሞ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይላሉ። የእስቴው ጉዳይ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። 15ቱ ቀን የሚቆጠረው ካርዱ መካነ ኢየሱስ ከደረሰበት ሳይሆን አዲስ አበባ ከተገዛበት ቀን ነው። ካርዱ እርስዎ ቤት ጠረጴዛ ላይ «ሰው እስኪገኝ» አሥር ቀን ከተቀመጠ፣ የወንድምዎን መብት ሁለት ሦስተኛ እርስዎ በልተውታል። የሚሄድ ሰው ሳይገኝ ካርድ አይገዛ።

ከዚህ በተጨማሪ አዋጁ ነጋዴን የሚመለከት ነው። በቴሌግራም ካገኙት ግለሰብ መንገድ ዳር ሲገዙ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቢኖርም ማስረጃ አይኖርም። ቢያንስ የካርዱ ሙሉ ስም፣ የሜሞሪው መጠን፣ ሴሪያል ቁጥሩ፣ ዋጋውና ቀኑ የተጻፈበት፣ ሻጩ የፈረመበት ወረቀት ይኑር፤ ገንዘቡም በባንክ ይተላለፍ። ከሱቅ ሲገዛ ደረሰኙ «የኮምፒዩተር ዕቃ» ሳይሆን የካርዱን ስም በዝርዝር ይጻፍ። ዋናው ደረሰኝ እርስዎ ዘንድ ይቆይ፤ ቢመለስ መላሹ እርስዎ ነዎት። ከእስቴ ቅርብ በሆኑት በደብረ ታቦር ወይም በባሕር ዳር ተመሳሳይ ካርድ በጥቂት ብር ጭማሪ ከተገኘ፣ መምህሩ ራሱ ሄዶ ሞክሮ መግዛቱ ይመረጣል። ያ ጭማሪ ሊመልሱት የሚችሉበት ሱቅ ቅርብ የመሆኑ ዋጋ ነው።

ከመላኩ በፊትና ከደረሰ በኋላ

ካርዱ ጸረ ስታቲክ ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ፣ በስፖንጅ ተጠቅልሎ በጠንካራ ካርቶን ይሂድ። በኮምፒዩተር ውስጥ ተሰክቶ በአውቶቡስ መላክ የለበትም፤ ክብደቱ ቀዳዳውን ይሰብራል። ከካርዱ ጋር አንድ ፍላሽ ይላክ፤ ድራይቨሩ ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ስለሚመዝን በደካማ መስመር ማውረድ ያስመርራል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የምናስታውስ ሁሉ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ጨዋታ መምረጥ ለእስቴ ሰው ቅንጦት እንዳልሆነ እንረዳለን። ጨዋታ ከመግዛት በፊት «ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መብራት የሚቆራረጥበት ቦታ ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስ ከካርዱ እኩል አስፈላጊ ነው። 650 ቪኤ ተብሎ የተጻፈበት ዩፒኤስ በዋት ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከ400 በታች መሆኑ ይታወቅ። ዩፒኤስ ባይኖር እንኳ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ከተመለሰ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መሰካት ምንም ወጪ የለውም። በደጋው ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያ የሚያቀዘቅዘው በቆላ ካለው ያነሰ ነው፤ የአካባቢው ቅዝቃዜ ግን ይህን ያካክሳል። ዋናው ጠላት አቧራ ነውና ኮምፒዩተሩ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ካርዱ እንደደረሰ መምህሩ በዚያው ቀን ይትከለው፤ ያንኑ የ15 ደቂቃ ፈተና ይድገም፤ ውጤቱንም ፎቶ አንሥቶ ይላክ። ጉድለት ከታየ እርስዎ በማግስቱ ደረሰኙን ይዘው ወደ ሱቁ ይሂዱ፤ ጉድለቱንም በጽሑፍ ያስታውቁ። ወራት የፈጀ ቁጠባ ሊጠበቅ የሚችለው በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው።